«የሚከፍል ቋንቋ ይመርጣል» ላላችሁ ሁሉ

የማታ ሺፍት፦
ትናንት እዚህ ያነበብኩት ነገር እስካሁን አልወጣልኝም። ላላያችሁት በአጭሩ፦ እዚህ አሜሪካ የምሠራበት የፓርኪንግ ጋራዥ ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ከማይክሮዌቩ በላይ ወረቀት ተለጥፏል። «እንግሊዝኛ ብቻ። በሥራም፣ በእረፍትም።» አብዛኛው ሠራተኛ ሐበሻ ነው፤ ሁለት ሳልቫዶራውያን አሉ። ይሄ ሕጋዊ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ጋሽ አንጋፋው እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፦ «የሚከፍል ቋንቋ ይመርጣል። እንዲያውም በሕግ መገደድ ነበረበት፤ ሰዉ ሃያ ዓመት ተቀምጦ እንግሊዝኛ የማይለምደው የሚያስገድደው ስለጠፋ ነው።» ከሥሩ ላይክ በላይክ። እስቲ ላይክ ያደረጋችሁ ውጡና አስረዱኝ። ምሳዬን እየበላሁ «ሽሮው ጨው በዝቶበታል» ለማለት ፈቃድ ላውጣ?

ጋሽ አንጋፋው፦
አንተ ልጅ፣ ነገሬን ሳትቆራርጥ አቅርበው። እኔ በሱዳን አድርጌ እዚህ አገር ስገባ አማርኛ የሚሰማኝ ሰው ለማግኘት አውቶቡስ ቀያይሬ ነበር የምሄደው። ሳህን አጠብኩ፣ ታክሲ ነዳሁ፣ ማታ ማታ ተማርኩ። ማንም አላስተረጎመልኝም። አሁን ሐኪም ቤት አስተርጓሚ ይቀርባል። ዋሺንግተን ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ በሕግ ቅጹን ሳይቀር በአማርኛ ያዘጋጅልሃል። ታዲያ ማን ይልመድ? ያበላህን ቤት ደንብ አክብር ነው ያልኩት። የበሉበትን ወጪት መስበር ነውር ነው።

ዝም አልልም፦
ጋሼ፣ ወጪቱን ማን ሰበረ? ሰውዬው ሽሮውን እየበላ ነው።

አንቀጽ ጠቃሹ፦
ስሜቱን ትተን ሕጉን እንይ። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ሰዉ ታይትል ሰቨን በሚለው ክፍል፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት መለየት አይችልም። በሥራ ቦታ አድልዎን የሚከታተለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ኢኢኦሲ፣ በ1980 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ይህን ጉዳይ በስሙ ጠርቶታል። በማንኛውም ሰዓት፣ እረፍትንም ጨምሮ፣ «እንግሊዝኛ ብቻ» ማለት አድልዎ ነው ተብሎ ይገመታል። ለተወሰነ ሥራ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በቂ የሥራ ምክንያት ካለ ግን ይፈቀዳል። ያውም ለሠራተኛው አስቀድሞ ተነግሮት። «በእረፍትም» የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ ባይኖር ክርክሩ ሌላ ነበር። ወንድሜ ወረቀቱን ፎቶ አንሳው። አቤቱታ ለማስገባት 180 ቀን አለህ፤ የስቴቱ የራሱ መሥሪያ ቤት ባለበት ቦታ 300 ቀን።

የማታ ሺፍት፦
ፎቶውማ አለኝ። ግን ክስ ስትል ሰው ይፈራል። ግማሹ የመኖሪያ ወረቀቱ ገና አላለቀለትም።

ሱፐርቫይዘሯ፦
ላይክ ካደረጉት አንዷ ነኝ፤ አልደበቅም። ሰባት ቋንቋ የሚነገርበት ሆቴል ውስጥ የጽዳት ክፍሉን እመራለሁ። እስቲ ቦታዬ ላይ ቁሙ። ሁለት ሴቶች አንዷን እያዩ በቋንቋቸው ያወራሉ፣ ይስቃሉ። ያቺ ልጅ እያለቀሰች ቢሮዬ ትመጣለች። «እኔን ነው የሚያሙት» ትለኛለች። እኔ ምን ልበላት? ትርጉሙን አላውቅ። «በሥራ ሰዓት ሁላችንም በሚገባን እናውራ» ብል አድሎኛ ተባልኩ ማለት ነው? ደግሞ ሐበሻ ሲያማ እንዴት እንደሚያይ ሁላችንም እናውቃለን። ዓይኑ ብቻውን ይተረጉማል።

ዝም አልልም፦
ሐሜት በእንግሊዝኛ የለም ማለት ነው? እኔን ያሙኝ ሁሉ ንጹሕ አሜሪካኖች ናቸው።

አንቀጽ ጠቃሹ፦
ሱፐርቫይዘሯ፣ ነገርሽን የሚደግፍ ውሳኔ አለ፤ አንቺ ባታነሽውም እኔ ላንሳው። በካሊፎርኒያ ስፐን ስቴክ የሚባል ሥጋ አዘጋጅ ድርጅት ነበር። ሠራተኞቹ በስፓኒሽ ጥቁርና ቻይናዊ ባልደረቦቻቸውን ሰደቡ ተብሎ «በሥራ ላይ እንግሊዝኛ ብቻ» የሚል ደንብ ወጣ። በ1993 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ለድርጅቱ ፈረደ። የኢኢኦሲን መመሪያም አልቀበልም አለ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ሰው እንግሊዝኛ ተናገር ቢባል ምን ይጎድልበታል የሚል ነው ክርክሩ።

ጋሽ አንጋፋው፦
አያችሁ! ፍርድ ቤት ራሱ አለላችሁ። አንተው ጠበቃቸው፣ አንተው አረጋገጥክልኝ።

አንቀጽ ጠቃሹ፦
ጋሼ ይጨርሱልኝ እንጂ። የዚያ ድርጅት ደንብ ምሳና እረፍትን አይነካም ነበር። ሠራተኛው በራሱ ሰዓት በፈለገው ቋንቋ ያወራል። የዚህ ልጅ ወረቀት ደግሞ «በእረፍትም» ይላል። እርስዎ ያስፈረዱት ለሌላ ወረቀት ነው። በዚያ ላይ ካሊፎርኒያ ቆየት ብላ በራሷ ሕግ በሩን አጥብባዋለች፤ አሠሪው የሥራ ምክንያት ካላሳየ ደንቡን ማውጣት አይችልም።

ነርስ ነኝ፦
እኔ መሃል ነኝ፤ ሁለታችሁም ትቆጡኛላችሁ። በሽተኛ አጠገብ አማርኛ አልናገርም። አብራኝ የምትሠራ ሐበሻ ብትጀምረኝም በእንግሊዝኛ ነው የምመልስላት። ኢንሱሊን ሁለት ነርስ ሆነን ስናረጋግጥ አልጋው ላይ ያለው ሰውዬ ይሰማል። ምን ያህል እንደምወጋው በማያውቀው ቋንቋ ስንንሾካሾክ ቢሰማ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ሐኪም በስልክ ትእዛዝ ሲሰጠኝም መልሼ አነብለታለሁ። ፊፍቲንና ፊፍቲ በስልክ አንድ ናቸው። ስለዚህ «ዋን ፋይቭ» ብዬ ቁጥር በቁጥር እጠራለሁ። ይሄን ማንም በሕግ አላስገደደኝም፤ ሥራው ራሱ ያስገድዳል።

ግን ደግሞ ይሄንንም ስሙ። አንዲት እናት ገብተው እንግሊዝኛ አልሰማ ሲሉ ከሦስተኛ ፎቅ ድረስ የሚጠሩት እኔን ነው። ኑሪልን፣ አስረጂልን፣ አረጋጊልን። በማግስቱ ከዚያችው ልጅ ጋር ሻይ እየጠጣን በአማርኛ ስናወራ «ፕሮፌሽናል አይደለም» ተባልን። አማርኛዬ ለእነሱ ሲጠቅም ጥሩ፣ ለእኔ ሲሆን ጥፋት?

አንቀጽ ጠቃሹ፦
እህቴ፣ ይሄው ጉዳይ ቴክሳስ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሷል። የስልክ ኦፕሬተር ድርጅት ነው። ሰዎቹን የቀጠራቸው ስፓኒሽ ስለሚችሉ ነው፤ ደንበኛውን በስፓኒሽ ያስተናግዱለታል። እርስ በርስ ሲሆን ግን፣ በምሳ ሰዓትም ቢሆን፣ ክልክል። በሩ ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ ሽጉጥና ቢላዋ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ከጻፈ በኋላ እዚያው ላይ በግቢው ውስጥ የሚወራው ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሁን ይላል። በ2000 ፍርድ ቤቱ ለ13 ሠራተኞች ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ፈረደላቸው።

ዝም አልልም፦
ሽጉጥ፣ ቢላዋ፣ ስፓኒሽ። በዚህ ቅደም ተከተል።

ሎንግ ሆል፦
እናንተ ስለ ምሳ ክፍል ትከራከራላችሁ፤ ለእኛ ለትራክ ነጂዎች ነገሩ ድሮ በሕግ ያለቀ ነው። እንግሊዝኛ የሚጠይቀው የፌዴራል ደንብ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አለ። ከሰው ጋር መነጋገር፣ የመንገድ ምልክት ማንበብ፣ ለፖሊስ መልስ መስጠት፣ ሪፖርት መሙላት። ለዓመታት ግን ቢበዛ ወረቀት ላይ ይጻፍብሃል እንጂ አትቆምም ነበር። ከጁን 25፣ 2025 ወዲህ ካልቻልክ እዚያው አውት ኦፍ ሰርቪስ ነህ። መኪናው ቆመ፣ ጭነቱ ቆመ፣ ሌላ ሾፌር መጥቶ ይነዳዋል።

እኔ ደርሶብኛል። ዌይ ስቴሽን፣ የትራክ መመዘኛና መፈተሻ ጣቢያ፣ ገባሁ። ሰውዬው ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ፣ ምን ጭነሃል፣ ስንት ሰዓት ነዳህ አለኝ። ስልክ የለ፣ ትራንስሌተር የለ፣ ሰው መደወል የለ። ቀጥሎ የምልክት ሥዕል አሳየኝ። አለፍኩ። ጓደኛዬ ወደቀ። አሥራ አንድ ዓመት ነድቷል፤ አንድ ቀን መኪና ጭሮ አያውቅም። ምልክቱን ያውቀዋል፤ ሲያይ ያደርገዋል። ምን ማለት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ግለጽ ሲሉት ላብ አጠመቀው።

ጋሽ አንጋፋው፦
ፍሎሪዳ የሆነውን ደግሞ ንገራቸው። ኦገስት 2025፣ ያ ትራክ ሃይዌይ ላይ ወደ ኋላ ሲዞር ሦስት ሰው አለቀ። መንግሥት ባወጣው መግለጫ ሾፌሩ ከተጠየቀው 12 ጥያቄ የመለሰው 2፣ ከ4 ምልክት ያወቀው 1። የሦስት ሰው ነፍስ ነው። ሕጉ ለምን አይጥበቅ?

ሎንግ ሆል፦
ጋሼ፣ ያንን ሰውዬ ማንም አይከላከልለትም። ሃይዌይ ላይ ትራክ ማዞር በየትኛውም ቋንቋ ጥፋት ነው። እኔ ሕጉ ይነሳ አላልኩም። በመንገድ ሥራ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል፤ ድልድይ ተዘግቷል የሚል ሰሌዳ ማንበብ አለብህ። ያልኩት ግን ሕጉ አለ ነው። አስፈላጊ በሆነበት ቦታ አለ። እርስዎ የሚሉት ለጽዳቱም፣ ለጋራዡም፣ ለወጥ ቤቱም ይውጣ ነው። ሽንኩርት የሚልጥ ሰው የትኛውን ሰሌዳ ያንብብ?

ኢንጂነሩ፦
አቪዬሽንም እንዲሁ ነው። ዓለም አቀፍ በረራ ላይ አብራሪና ተቆጣጣሪ የዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ የኢካኦን፣ ደረጃ 4 እንግሊዝኛ ማለፍ አለባቸው። የእኛ አየር መንገድ አብራሪዎችም ያው። ምክንያቱም አለው። በ1990 ኒውዮርክ አቅራቢያ የወደቀው የኮሎምቢያ አቪያንካ አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ነው፤ 73 ሰው ሞተ። ተቆጣጣሪዎቹ አደጋ መሆኑ አልገባቸውም ነበር።

ዝም አልልም፦
ኢንጂነር፣ እነሱ እኮ በእንግሊዝኛ ነበር የሚያወሩት። «ነዳጅ እያለቀብን ነው» ብለዋል። «ኢመርጀንሲ» የሚለውን ቃል ነው ያላወጡት። ምሳሌህ ለእኔ ነው የሠራው። ቋንቋውን ማወቅና የሥራውን ቃል ማወቅ ለየቅል ነው።

ኢንጂነሩ፦
ለዚያ ነው ደረጃ የወጣለት! ያልገባህ ነገር ላይ አትፍጠን።

የወጥ ቤት ልጅ፦
እኔ «የሚከፍል ቋንቋ ይመርጣል» የምትለዋ ነገር ናት ያልተዋጠችልኝ። የምሠራው ሐበሻ ሬስቶራንት ነው። የምትከፍለኝ ባለቤቷ ናት። ወጥ ቤቱ ውስጥ የመረጠችው ቋንቋ አማርኛ ነው። ሆሴ አብሮን ይሠራል፤ «ቶሎ በል»፣ «ትኩስ ነው»፣ «ዞር በል» በአማርኛ ያውቃል። ጋሼ እንዳሉት ከሆነ ሆሴ አማርኛ ትምህርት ቤት ይግባ ማለት ነው?

ጋሽ አንጋፋው፦
ነገር አታጣምሚ። አገሩ አሜሪካ ነው።

የወጥ ቤት ልጅ፦
እንዲያማ ከሆነ የሚመርጠው ከፋዩ ሳይሆን አገሩ ነው። ትናንት ያሉት «የሚከፍል» ነው። አንዱን ይምረጡልኝ።

አንቀጽ ጠቃሹ፦
በነገራችን ላይ አንድ ሐበሻ ባለ ንግድ «አማርኛ የማይችል አልቀጥርም» ቢልም ያው ታይትል ሰቨን ይመለከተዋል። ሕጉ ለእኛ ብቻ አልወጣም።

ዝም አልልም፦
እሱን እንኳን ባታነሳው ይሻል ነበር። ስንቱን ሱቅ ልታዘጋ ነው።

ሞንትሪያል፦
ከእናንተ ጎረቤት ሆኜ ስሰማችሁ ይገርመኛል። ካናዳ፣ ኬቤክ ውስጥ ከ1977 ጀምሮ ሕግ አለ፤ ቢል 101 ይሉታል። እዚህ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሠራተኛው በፈረንሳይኛ የመሥራት መብት አለው። አሠሪው «እንግሊዝኛ የምትችል» ብሎ ማስታወቂያ ለማውጣት ሥራው በእርግጥ እንደሚጠይቀው ማሳየት አለበት። በ2022 ደግሞ በቢል 96 ይባስ አጠበቁት። ጋሼ የሚሉት ዓይነት ሕግ ምን እንደሚመስል ኑሩበትና እዩት። እኔ እንግሊዝኛዬን ይዤ መጥቼ ፈረንሳይኛ ከዜሮ ጀመርኩ።

ጋሽ አንጋፋው፦
ጀመርሽ አይደል? ለመድሽ አይደል? ጉዳዩ አለቀ።

ሞንትሪያል፦
ጋሼ ወንድ ነኝ።

ዝም አልልም፦
😂😂

ጋሽ አንጋፋው፦
ይቅርታ ልጄ። ለመድክ አይደል?

ሞንትሪያል፦
ለመድኩ። መንግሥት በነፃ ስላስተማረኝ፣ ኮርሱን ስከታተል አበልም ስለሰጠኝ ነው። ቅጣት ስለፈራሁ አይደለም። እዚያ እናንተ ጋ የሚባለው ግን «ልመድ» ነው እንጂ «ና ላስተምርህ» አይደለም። የማታ ሺፍት የሚሠራ ሰው መቼ ይማር?

ሱፐርቫይዘሯ፦
ነፃ ክፍል እዚህም አለ። ላይብረሪ ይሰጣል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። ሰዉ አይሄድም። ቅዳሜ ለቡና ጊዜ አለው፣ ለክፍል የለውም። እውነቱን እንነጋገር።

የማታ ሺፍት፦
ቅዳሜ ሁለተኛ ሥራዬ ላይ ነኝ። ቡናውን የት እንደሚጠጡት ንገሪኝ፣ እኔም ልምጣ።

አንቀጽ ጠቃሹ፦
ሌላ የተምታታ ነገር ልለይ። በማርች 2025 እንግሊዝኛ የአሜሪካ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ነው የሚል የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ወጣ። በ2000 የክሊንተን ጊዜ የወጣውን፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት እንዲመቻች የሚለውን ትእዛዝም ሻረ። ብዙ አለቃ ይሄን ይዞ «አሁን ሕግ ነው» እያለ ወረቀት ይለጥፋል። ትእዛዙ የሚናገረው ስለ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ምን ቋንቋ ይናገር አይልም። ታይትል ሰቨንን ደግሞ ፕሬዚዳንት በፊርማ አይሽረውም፤ ኮንግረስ ነው ያወጣው።

የማታ ሺፍት፦
አለቃችን ልክ ይሄንን ነው ያለን! «ፕሬዚዳንቱ ፈርሟል» ብሎ።

አገር ቤት፦
ከአዲስ አበባ ነኝ፤ ጣልቃ ልግባ። እናንተ አሜሪካ ሆናችሁ እንግሊዝኛ በዛብን ትላላችሁ። እኛ እዚሁ፣ ሁሉም አማርኛ በሚናገርበት መሥሪያ ቤት፣ የሥራ ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ፣ ኢንተርቪው በእንግሊዝኛ፣ ሪፖርት በእንግሊዝኛ ነው። አምስት ሐበሻ ተቀምጦ «ሶ ቴል አስ አባውት ዩርሰልፍ» ይልሃል። ከዚያ ስብሰባው አልቆ ኮሪደር ላይ በአማርኛ ይስቅብሃል። ማንም በሕግ አላስገደደንም፤ እኛው ነን ያመጣነው።

ቦሌ ለሚ፦
ሁሉም አማርኛ በሚናገርበት? ሁሉም ስትል ማንን ነው? እኔ ቀበሌ ጉዳዬን በአማርኛ አስረዳ እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። «እንግሊዝኛ ብቻ» ሲባል የሚያቃጥላችሁ ሁሉ ያኔ የት ነበራችሁ? እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣው የሚሲዮን ድንጋጌ ማስተማሪያው አማርኛ ይሁን ተብሎ አልነበረም? የማይክሮዌቩ ወረቀት ለእኛ አዲስ አይደለም።

ዝም አልልም፦
ኧረ ተው፣ እዚያ ከገባን አንወጣም።

ቦሌ ለሚ፦
ስምህ «ዝም አልልም» ነው፣ እዚህ ጋ ስትደርስ ዝም በሉ ትላለህ?

ነርስ ነኝ፦
ይሄማ እውነቱን ነው። እኛ ላይ ሲደርስ ነው ያመመን።

አገር ቤት፦
ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ እኩል ናቸው ይላል፤ አማርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ አራት ቋንቋ ይጨመር ተብሎ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። ምን ቀረህ?

ቦሌ ለሚ፦
መጽደቁንማ ሰማን። ቀበሌ ሂድና ሞክረው፣ ከዚያ ተመለስና ንገረኝ።

ጋሽ አንጋፋው፦
ይኸው፣ በአማርኛ መግባባት አቅቷችሁ እየተናጫችሁ ነው። እኔ መጀመሪያ ያልኩትን ብትሰሙ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የወጥ ቤት ልጅ፦
ጋሼ መጀመሪያ ያሉት ላይ ገና ነኝ፤ አልለቅዎትም። «በሕግ ይገደድ» ብለዋል። «የሚከፍል ይመርጣል» ብለዋል። በሕግ ከተገደደ የሬስቶራንቱ ባለቤት አማርኛ መምረጥ አትችልም። የሚከፍለውም አልመረጠም፣ እኔም አልመረጥኩም። ታዲያ ማነው የመረጠው?

አንቀጽ ጠቃሹ፦
እኔም ጥያቄ አለኝ። ሕጉ ወጣ እንበል። ሠራተኛው በአማርኛ ሲያወራ ተያዘ። ማን ይቀጣል? ሠራተኛው ወይስ አሠሪው?

ሎንግ ሆል፦
የእኛው ላይ የሚቆመው ሾፌሩ ነው። ድርጅቱ ሌላ ሰው ይልካል፤ ጭነቱ ይደርሳል። የሚቀርበት ያው ሾፌሩ ነው።

ጋሽ አንጋፋው፦
አሠሪው ይቀጣ። ዝም ብሎ ያሳለፈው እሱ ነው።

የወጥ ቤት ልጅ፦
እኮ! ከፋዩ በቋንቋ ይቀጣል። ይመርጣል ያሉት ሰውዬ!

ጋሽ አንጋፋው፦
በሉ ደህና እደሩ፣ እኔ ነገ በጠዋት ሥራ አለኝ።

ዝም አልልም፦
ጋሼ፣ ጡረታ ወጥተው አልነበር እንዴ?